ሬዲዮ ዓለምን ወደ ካምባ አመጣ፤ የካምባስ ድምፅ የት ደረሰ?

የዚህ እትም የታሪክ ዓምድ ተራው ለሒሳብ ክፍል ደርሷል። ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለ ዘፈን ምን እንጽፋለን? የሚል አባል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛ ግን ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ፣ ማን ከፈለ ብሎ መጠየቅ ልማዳችን ስለሆነ፣ በእነዚሁ ጥያቄዎች በሬዲዮ ወደ ቤታችን የገባውን ሙዚቃ ታሪክ ልናይ ነው። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ አንድ ሐሳብም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንጠይቃለን።

በአገራችን ሬዲዮ በይፋ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቃቂን ጣቢያ በመረቁ ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ጣቢያው እንደገና ለአገሩ ሰው መናገር የጀመረው ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ነው። በዚያን ዘመን ሬዲዮ በቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር በአዲስ አበባ አደባባዮች ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወደ እኛ ወገን ስንመጣ፣ የገሙ ጎፋ ዋና ከተማ ያኔ ጨንቻ ነበረች፤ አርባ ምንጭ ገና አልተቆረቆረችም። ከካምባ ተነስቶ ለገበያም ሆነ ለአቤቱታ የሚሄድ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። ስለዚህ ሬዲዮ ለእናቶቻችን እናቶች በወሬ የሚሰማ ነገር እንጂ በጆሮ የሚሰማ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ ጋር ነው። መብራት አይፈልግም፣ በትከሻ ይንጠለጠላል፣ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሸማኔ ከጋቢው ሥር ይዞት ይመጣል። በገጠር ብዙ ቤት እንደታየው ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና ጥቂት ቀን ይጨምራል። ይህን ዘዴ ከአባሎቻችን ውስጥ የማያውቅ ያለ አይመስለንም።

በዚሁ ዘመን 1955 ዓ.ም. ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ዓመት ነው። በየካቲት ወር የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ድምፅ የተባለውን ትልቅ ጣቢያ በአዲስ አበባ ከፈተ። ጣቢያው ከአዲስ አበባ ሆኖ ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋዎች ያስተላልፍ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በግንቦት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ አዲስ አበባ መጥታ በመሪዎቹ ፊት ዘፈነች። የአገሯ መንግሥት ወደ ቤቷ እንዳትመለስ የከለከላት ሴት ናት። አገሯ የዘጋባትን ድምፅ ሌላው አፍሪካ በሬዲዮና በሸክላ ይሰማው ነበር። የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ደግሞ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። አንድ ማሠራጫ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጌታ አየ ማለት ነው። ይህን ያነሣነው፣ ዘፈን በሬዲዮ ሲያልፍ የሚከፍለውና የሚያዘው ሌላ ሰው መሆኑን ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ሬዲዮ እንሂድ፤ ታላላቆቻችን በጣም የሚያስታውሱት እሱን ነውና። በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራ ሬዲዮ ቀን ቀን የቅርቡን ጣቢያ ብቻ ይይዛል። ሌሊት ግን ሩቁን ያመጣል። ምክንያቱ ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀን ሞገዱን የሚውጠው የሰማይ ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል፣ ሞገዱም ከዚያ በላይ ካለው ንብርብር ተንጸባርቆ መቶዎች ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ወደ ምድር ይመለሳል። ስለዚህ ከራት በኋላ መርፌዋን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ አረብኛ ይመጣል፣ ስዋሂሊ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ተደራርበው ይመጣሉ። በ1940 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የሱዳኑ ሬዲዮ ኦምዱርማን ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ አድማጭ ነበረው። መሐመድ ዋርዲና ሰይድ ኸሊፋ በእኛም አገር እንደ አገር ልጅ የተወደዱ ዘፋኞች ናቸው። የሱዳን ዘፈን ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ ያልሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደ ብዙው የአገራችን ዜማ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ ነው። ቃሉን ያልሰማ ሰው ዜማውን ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ሬዲዮ ሰውን ከሰው የሚያገናኝበት ዋናው መንገድ የዘፈን ምርጫ ነበር። አሠራሩን ለወጣት አባሎቻችን እናስረዳ። አድማጩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ዘፈኑን ይመርጣል፤ ከዚያ ዘፈኑ እንዲደርስላቸው የሚፈልጋቸውን ሰዎች ስም በዝርዝር ይደረድራል። ደብዳቤው በፖስታ ይሄዳል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። አንድ ቀን ስሞቹ ተራ በተራ ይነበባሉ፣ ዘፈኑም ይከተላል። ከጋሞ ደጋ ወጥተው በሽሮ ሜዳና በአካባቢው በሽመና የሚኖሩ ወንድሞቻችንና አባቶቻችን ብዙ ናቸው። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ፣ ገንዘብ የሚልክ መንገደኛም በማይገኝበት ወር፣ የስም ዝርዝሩ ደህንነታቸውን የሚያሳውቅ መልእክት ነበር።

አንዲት ታላቅ አባላችን የነገሩንን እንጥቀስ። ወንድማቸው ለሽመና አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት መስቀል ሳይመጣ ቀረ። እናታቸው ሞቷል ብለው ማልቀስ ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ግን ጎረቤት ሬዲዮ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ፤ የእናትየው ስም ከነአባታቸው ስም ሲነበብ ሰምቶ ነበር። እሳቸው ሲደርሱ ስሙ አልፎ ዘፈኑ ተጀምሯል። ዘፈኑ የሱዳን ነበር። ወንድምየው ለምን ያንን እንደመረጠ ኋላ ሲጠየቅ፣ ሽመና ቤት ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ የሚወዱት እሱን ስለነበር ነው አለ። አባላችን ዛሬም ጥጥ ሲፈትሉ ያን ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ ከቃሉ አንዱንም አያውቁም። «የወንድሜ ዘፈን» ይሉታል። በአረብኛ የተዘፈነ፣ ከካርቱም ወይም ከኦምዱርማን የተነሳ፣ በአዲስ አበባ በኩል አልፎ ካምባ ሲደርስ የአንድ ቤተሰብ ንብረት ሆነ። የዓለም ሙዚቃ የሚባለው ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንም።

በከተማው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበር። አስመራ አጠገብ በነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ለወታደሮች የሚተላለፈው ሙዚቃ የአካባቢውን ወጣት ጆሮ ያዘ፤ አዲስ አበባም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የውጭውን ምት ከአገሩ ቅኝት ጋር አጋቡት። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበርን የሸክላ ሕትመት ብቸኛ መብት ተጋፍቶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ የወጡት ሸክላዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለ ተከታታይ ስብስብ በፈረንሳይ ታትመው በዓለም ተሸጡ። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ከዚያ ቀደም ብሎ በ1986 (እ.ኤ.አ.) በቤልጅየም ታትሟል። ይህ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ አንዘገይበትም።

የምንዘገይበት «የዓለም ሙዚቃ» የሚለው ስም ላይ ነው። ስሙ ራሱ የተቆረጠ ቀን አለው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) በለንደን አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የአነስተኛ ሸክላ አሳታሚ ድርጅቶች ሰዎች ተሰበሰቡ። ችግራቸው ቀላል ነበር፦ የማሊ፣ የቡልጋሪያ፣ የፓኪስታን፣ የኢትዮጵያ ዘፈን ይዘው ወደ ሱቅ ሲሄዱ ባለሱቁ የት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጠው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው አያገኘውም። ተወያይተው አንድ የመደርደሪያ ስም መረጡ፤ ስሙን ለማስተዋወቅም ገንዘብ አዋጡ። እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። በመዝገባችን ላይ ርዕስ ያጣንለትን ወጪ ሁሉ የምናስገባበት አንድ ዓምድ አለን፤ «ልዩ ልዩ» ይባላል። የዓለም ሙዚቃ ማለት የአውሮፓ ሱቅ «ልዩ ልዩ» ዓምድ ነው። የጠቀመው ነገር አለ፤ ብዙ ዘፋኝ በዚያ በኩል እንጀራ በልቷል። ግን በ«ልዩ ልዩ» የገባ ሒሳብ ምን እንደነበረ በኋላ የሚያስታውሰው ሰው እንደማይገኝ ማንም ኦዲተር ይነግራችኋል።

የእኛም ተራራ በዚያ መደርደሪያ ላይ አለ። በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዶርዜ መጥቶ የአገሩን ሰው ዘፈን ቀርጾ በፈረንሳይ አሳትሟል። የውጭ ሊቃውንትን ያስደነቃቸው ሰው ሁሉ አንድ ዜማ ይዞ አለመዝፈኑ ነው። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ከፍ አድርጎ ይቀበላል፣ የቀሩት ከሥር ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ዘፈኑ ግን አንድ ነው። መስቀል ሲደርስ ዱቡሻ ላይ የቆመ ጋሞ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የሚያስደንቅ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የዶርዜ ዘፈን በፓሪስ በሸክላ ሲሸጥ፣ በጋሞኛ የሚናገር ሬዲዮ በደጃችን አልነበረም። ዘፈኑ አውሮፓ የደረሰው ካምባ ከመድረሱ በፊት ነው። ዶርዜና ካምባ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ቋንቋችን አንድ ቢሆንም የየደሬው ዘፈን የየራሱ ነው።

በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ የየብሔረሰቡ ጭፈራ ወደ መድረክ ወጣ። ይህ መልካም ነበር፤ ልጃገረዶች በሕዝብ ፊት የቆሙበትም ጊዜ ነው። ግጥሙ ግን አብዮቱን ማወደስ ነበረበት። ዜማው የእኛ፣ ቃሉ የሌላ ሆነ።

አሁን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ወደሚባለው እንግባ። ሐሳቡ አድማጩ ራሱ የጣቢያው ባለቤት እንዲሆን ነው። ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በቦሊቪያ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ያቋቋሟቸው ጣቢያዎች ይጠቀሳሉ። ቆፋሪዎቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ማሠራጫ ገዙ፤ የራሳቸውን የተራራ ዘፈን፣ የሠርግና የልቅሶ ማስታወቂያ፣ የሠራተኛ ማኅበራቸውን ስብሰባ አስተላለፉ። ወታደሮች በተደጋጋሚ ሰብረዋቸዋል፤ ሰዎቹ እንደገና አዋጥተው ተክለዋቸዋል። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ በ1982 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ እርዳታ በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሆማ ቤይ አንድ ትንሽ ጣቢያ ተከፈተ። በአካባቢው ሰዎች በሉኦ ቋንቋ ይናገር ነበር። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1984 የአገሪቱ መንግሥት ዘጋው። በጋና ደግሞ በ1998 የተጀመረው ሬዲዮ አዳ በዳንግሜ ቋንቋ ብቻ እያስተላለፈ ዘልቋል። ከእነዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ በእርዳታ ብቻ የቆመው እርዳታ ሰጪውና ፈቃድ ሰጪው ሲለወጡ ይወድቃል፣ አድማጩ ያዋጣበት ግን ቢሰበርም ይነሳል። ይህን ደጋፊዎቻችን ቅር ሳይላቸው እንደሚቀበሉን እናምናለን፤ እነሱም ይህንኑ ደጋግመው ነግረውናል።

በእኛ አገር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮን ከመንግሥቱና ከንግዱ ለይቶ፣ ትርፍ የማይፈልግ አገልግሎት አድርጎ ደነገገ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ከፈር ቀዳጆቹ ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ማዶ፣ በአማሮ ኬሌ፣ የኮሬ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ተቋቋመ። ኮሬዎች በቁጥር ከእኛ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ቡናቸውንና ተራራቸውን ይዘው በቋንቋቸው የሚናገር ጣቢያ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጋር አገኙ። ቅናት አይደለም፤ ቅናት ቢሆንም ጤናማ ቅናት ነው። የ1999ኙ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካም የማኅበረሰብ ብሮድካስት ቦታውን አላጣም።

አርባ ምንጭ የሚገኘው የክልሉ ሬዲዮ ቅርንጫፍ በጋሞኛ መናገር ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በትክክለኛ ስሙ እንጥራው ካልን የመንግሥት ጣቢያ ነው፣ የማኅበረሰብ አይደለም። ሆኖም በቋንቋችን ዜናና ዘፈን መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ተራራው ነው። ኤፍ ኤም እንደ ሌሊቱ ሞገድ ከሰማይ አይመለስም፤ በቀጥታ እንደ ዐይን እይታ ነው የሚሄደው። በአርባ ምንጭና በካምባ መካከል ደግሞ የጋሞ ደጋ ቆሟል። ስለዚህ ከአባሎቻችን ኮረብታ ላይ ያለችው ጥርት አድርጋ ስትሰማ፣ ሸለቆ ውስጥ ያለችው ሹሹታ ብቻ ትሰማለች። ድሮ ከሱዳን በሌሊት የሚመጣውን ያለ ችግር የሰማ ቤት፣ ዛሬ የራሱን ቋንቋ ለመስማት ሬዲዮውን ይዞ አቀበት ይወጣል።

ልጆቻችን በስልካቸው የናይጄሪያን፣ የኮሪያን፣ የአሜሪካንን ዘፈን በሚሞሪ ካርድ ተቀባብለው ይሰማሉ። በዚህ የሚነቅፏቸው አሉ፤ እኛ አንነቅፍም። የሱዳኑ ዘፈን ለታላላቆቻችን እንደነበረው ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ የዘፈን ምርጫው ዘመን አድማጭ ስሙ ይነበብ ነበር። ዘፈኑ የውጭ ቢሆንም በፊቱ የእናቱ ስም፣ የቀበሌው ስም ይቀድም ነበር። ጆሮ ላይ በተሰካ ማዳመጫ የሚሰማው ዘፈን የማንንም ስም አያነሳም። እንሰት ሲፋቅ፣ ሙሽራ ስትሸኝ፣ ጥጥ ሲፈተል የሚዘፈነውን የሚያውቁ እናቶች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ባለፉት ዓመታት ከመረዳጃ ገንዘባችን ለቀብር የከፈልንባቸውን ስሞች መዝገቡ ላይ ስናገላብጥ፣ ከእነሱ መካከል ሠርግ ላይ ዘፈን ያነሱ የነበሩትን በጣታችን ቆጥረን ጣታችን አልቆብናል።

ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛው ክፍል በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ሁለት ሬዲዮዎች ተገዝተው ሞገዱ በሚይዝበት ቦታ ላይ ባሉ የቁጠባ ቡድኖች እጅ እንዲቀመጡ ነው። ሁለተኛው፣ የድምፅ መቅረጫ ተገዝቶ የታላላቆቻችን ዘፈን እንዲቀረጽና ቅጂው በማኅበሩ ቢሮ እየቀረ በፍላሽ ወደ አርባ ምንጭ ጣቢያ እንዲወሰድ፣ ከዘፈኑ በፊትም የዘፋኟ ስም፣ የደሬዋ ስም፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበት ሥራ እንዲነገር መጠየቅ ነው። ወጪው የመቅረጫውና የሬዲዮዎቹ ዋጋ፣ የመኪና ትራንስፖርትና የሁለት ሰው አበል ነው። አባላት የወር መዋጮአቸውን በጥቂት ብር ቢጨምሩ ትራንስፖርቱ ይሸፈናል፤ ለዕቃው ደጋፊዎቻችንን እንጠይቃለን። እኛ በበኩላችን አንድ ነገር ከወዲሁ እናሳውቃለን፦ ጉባኤው ካጸደቀው ወጪው በ«ልዩ ልዩ» አይገባም፤ የራሱ ዓምድ ይከፈትለታል።

ያልተቋጨ አንድ ክርክር አለ። ሙሾ ይቀረጽ ወይስ አይቀረጽ? ታላላቆቻችን ሙሾ የሚወጣው ሬሳ ሲኖር ነው፣ ያለ ሬሳ ማውጣት ሌላ ሞት መጥራት ነው ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ከሁሉም ዘፈን በፊት የሚጠፋው እሱ ነው፣ በጊዜ ካልተያዘ ማን ያወጣዋል? ይላሉ። አንዲት እናት ከሁለቱም ወገን ያልሆነ መልስ ሰጥተውናል፦ መቅረጫው ልቅሶ ቤት ይምጣ፣ ሟቹም የራሳቸው ሰው ሲሆን፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ። ከዚያ ግን በሬዲዮ ሳይወጣ ለአንድ ዓመት በቢሮ ይቀመጥ፣ ተዝካሩ እስኪያልፍ። ሦስቱም ሐሳቦች ለጉባኤው ይቀርባሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን በአካባቢው ዘፈን የሚያነሱ እናቶችን ስም ጽፎ ለቡድኑ ጸሐፊ እንዲያስረክብ እንለምናለን፤ በዕድሜ የገፉት ይቅደሙ።